ለስድስት ቆሮሶ የተገዛ ማጣሪያ

ሰው ልኩን ጠብቆ የሚገዛው ዕቃ ቢኖር ጫማ ብቻ ነው፤ እሱም ልኩ ካልሆነ እግር ስለሚያሳብቅ። በሌላው በሌላው ሁላችንም ትልቁን ወዳጅ ነን። ድስቱ የሠርግ፣ ቁም ሣጥኑ በበር የማይገባ። ለምን ስንባል መልሳችን ያው ነው፤ «ትልቅ ምን ይጎዳል?» እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ጎዳ።

ነገሩ ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነው። የትናንቱ ክፍል ዛሬ ቢሮ፣ የትናንቱ ጸሐፊ ዛሬ ኃላፊ ተብሎ፣ ማኅተሙ ከወንበሩ ቀድሞ የሚደርስበት ጊዜ ነበር። እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ኦጁሉ ደግሞ እዚያው የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ አኙዋ ነው። በመጣሁ ወር ሳይሞላኝ ወባ ሲጥለኝ፣ አገር ምድሩን በማላውቅበት ከተማ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ያስታመመኝ እሱ ነው። ጓደኛ ስል እሱን ማለቴ ነው።

አንድ ጊዜ ለእረፍት አዲስ አበባ ሄጄ ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሣጥን አየሁና ልቤ ተሰረቀ። ባለሱቁ ውሃ የሚያጠራውንም ዕቃ አሳየኝ፤ አየር እየነፋ ቆሻሻውን በአረፋ ጠልፎ ወደ ላይ የሚያወጣ። ትንሽም ትልቅም አለው። ሣጥኑ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠየቀኝ። ልብ በሉ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ጠብታ እየለካሁ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ሣጥኑን ግን ለመለካት ደከመኝ። ትልቁን ስጠኝ አልኩ። ከዕቃው ጋር የመጣችውን የመመሪያ ወረቀትም ሳላነብ አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት።

ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከአውሮፕላን ስወርድ የተቀበለኝ ኦጁሉ ነው። ጣት ጣት የሚያህሉ፣ ቆሮሶ የሚባሉ ስድስት ዓሦችን በባልዲ ከባሮ ያመጣልኝም እሱ ነው። እሑድ ዕለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጉዱን ሊያዩ ቤቴ ተሰበሰቡ። ማጣሪያው መሥራት ሲጀምር ውሃው ተናጠ፤ ዓሦቹ ከጥግ ጥግ ይላጉ ጀመር። ኦጁሉ ጎንበስ ብሎ ብዙ ካየ በኋላ፣ ቃል እየመረጠ በሚናገረው አማርኛው፣ ማሽኑ ለዚህ ውሃ ትልቅ እንደሆነ፣ ዓሣው እንደሚደክም፣ በየጠዋቱ አንድ ባልዲ የባሮ ውሃ መለወጥ እንደሚበቃ ነገረኝ።

በሰው ፊት መታረም አሳፈረኝ። «ኦጁሉ፣ አንተ የምታውቀው ዓሣ መብላት ነው፤ ማኖሩን ለእኛ ተወው» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ። «ለእኛ» የምትለዋ ቃል ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ።

በሦስተኛው ቀን አንዱ ዓሣ በጎኑ ተንሳፈፈ። በማግስቱ ሁለት። ባልዲ ይዤ ባሮ ብወርድ ኦጁሉ ልክ ነበር ብዬ በአደባባይ መፈረም መሰለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና መጋረጃዬን ዘጋሁ። እሱ ሥራ ሲሄድ በደጄ ነው የሚያልፈው፤ ኮቴውን ስሰማ ትንፋሼን ውጬ እቀመጣለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ስድስቱም አለቁ። ያቺን ወረቀት ያነበብኳት ያኔ ነው። ዕቃው የተሠራው ለባሕር፣ ለጨው ውሃ ኖሯል። ለባሮ ውሃ ትልቁም ትንሹም አይሠራም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኦጁሉ ራቅ ወዳለችው የክልሉ ከተማ፣ ወደ ፑኝዶ ተዛወረ። በእኔ ምላስ የተነሳ ከተማውን ጥሎ የሄደ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፑኝዶ በተባለ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። በመጨረሻ ሥራ እዚያው ወሰደኝና ቤቱ ሄድኩ። አቀፈኝ። ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፤ ባለቤቱ የተቀቀለ በቆሎ አቀረበችልን። እኔም ሳልበላ፣ ስንት ጊዜ ያጠናሁትን ይቅርታ ተናገርኩ፤ ያንን እሑድ፣ ያንን ሳቅ፣ ያቺን ቃል ሳይቀር።



«እሱን ረስቼዋለሁ። ሰው ሲሰበሰብ ሰው ይቀልዳል» አለኝ ኦጁሉ። «እኔ ያዘንኩት በሌላ ነው።»

«በምን?»

«ዓሣው ሲሞት አልጠራኸኝም። በየቀኑ በደጅህ አልፋለሁ። ቤት ውስጥ እንዳለህም አውቃለሁ። ባሮ ቅርብ ነው፤ በባልዲ እንመልሳቸው ነበር። ይሄ ሰው ጓደኛው አይደለሁም ማለት ነው አልኩ።»

ለዚህኛው የተዘጋጀ ይቅርታ አልነበረኝም። ሁለት ዓመት ያጠናሁት ለሌላኛው ነበር። እናንተም የበደላችሁት ሰው ካለ፣ ንግግራችሁን ከማሳመራችሁ በፊት ያስቀየማችሁት በምን እንደሆነ እሱኑ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ እኛ የምናስታውሰው ስንናዘዘው የሚያምርልንን ጥፋት ነው።

ኦጁሉ በቆሎውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ስለ ልጆቹ ትምህርት ያጫውተኝ ጀመር። በቆሎው ለጋ ነበር። እኔ ግን ፍሬውን እየፈለፈልኩ መዳፌ ላይ እቆጥር ጀመር እንጂ አልቀመስኩትም።