የኔ ገለባና የእማዬ በሶ

ዛሬ ሰው ፊት የፋብሪካ ፍሳሽ በበሶ ላጣራ ሞከርኩ።

አዎ፣ በበሶ። በምንበላው በሶ። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ገለባ ነው። እዚህ ካናዳ፣ ከካልጋሪ ከተማ ወጣ ብሎ ካሉ ገበሬዎች የገብስ ገለባ አምጥተን እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንፈጫለን። ብረት ከሚለብጡ ወርክሾፖች የሚወጣውን ቆሻሻ ውሃ በላዩ ስናሳልፍ፣ ገለባው መዳቡንና እርሳሱን ይዞ ያስቀርልናል።

እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር አብራኝ መኖር ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው። ገለባ ላይ ነው የምሠራው ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይህን ሁሉ የተማርሽው ለገለባ ነው?»

ሳቅኩና አለፍኩት። ማስረዳቱ ታከተኝ። ደግሞ እንዲህ ያለውን ማጣሪያ የምንጠራበት «ባዮሶርበንት» በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅማ።

ዛሬ ትልቅ ቀን ነበር። ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር አጠገብ ያለ አንድ የወርክሾፕ ባለቤት የሙከራ ማሳያችንን አይቶ፣ ፍሳሹ ላይ እንድንሞክር ሊፈቅድ ወይም ሊከለክል ነው። እሱ እምቢ ካለ ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ጠዋት በቀጥታ እንድሄድ ብዬ የተፈጨውን ገለባ ትናንት በእርጎ ዕቃ ይዤ ቤት ገባሁ፤ ለእማዬም «ነገ ሰዎች ፊት የማቀርበው ነው» አልኳት። (ሐበሻ ቤት የእርጎ ዕቃ ውስጥ እርጎ አግኝታችሁ ታውቃላችሁ?)

ወርክሾፑ ደርሼ የማጣሪያ ቱቦው ውስጥ ገለበጥኩት። መልኩ ያው ነው። ሰማያዊውን የመዳብ ውሃ አፈሰስኩበት።

ጠብ አላለም።

ቆመን ጠበቅን። ከታች ምንም የለም። ከላይ ሊጥ ሆኗል። ቀጥሎ የተቆላ ገብስ መሽተት ጀመረ።

ባለቤቱ አሸተተና «ኢዝ ዛት ብሬድ?» አለ፤ ዳቦ ነው እንዴ ማለቱ ነው።

አብራኝ የመጣችው አለቃዬ እኔን አየች። እኔ መሬቱን።

ሰውዬው ግን ደግ ነው። ዛሬ ወርክሾፑን ከመዝጋቱ በፊት ትክክለኛውን ካመጣሁ እንደሚያይ፣ ካልሆነ ግን እንድንረሳው ነገረኝ።

ቤት የደረስኩት በንዴት ጦፌ ነው። እማዬ በሩን ከፍታ፣ ፊቷ ሁሉ በርቶ፣ «እንዴት ሆነልሽ? እንግዶቹ ወደዱት?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ዕቃው ውስጥ የነበረውስ?»

«ገለባው? አወጣሁልሽ እንጂ! እንግዳ ፊት ገለባ ይቀርባል እንዴ? በሶ ሞላሁልሽ፣ በእጄ ያዘጋጀሁትን።»

ንዴቴ እዚያው ሟሸሸ። ልጇ ሰው ፊት እንዳታፍር ብላ፣ እኔ ተኝቼ ሳለሁ በማለዳ ተነስታ በሶ ስትነፋ ታየችኝ።

የሆነውን ስነግራት አመዷ ቡን አለ። ደግነቱ ገለባውን አልደፋችውም። በፌስታል ቋጥራ ጋራዥ አስቀምጣዋለች።

«ለከብት ይሆናል ብዬ» አለችኝ።

ካስልሪጅ ውስጥ። ለየትኛው ከብት ብዬ አልጠየቅኳትም።

«ያጠፋሁት እኔ፣ እኔም እመጣለሁ» ብላ ጃኬቷን ደርባ መኪና ውስጥ ገባች።

ወርክሾፑ ተመልሰን ቱቦውን አጠብን፣ ገለባው ገባ። ሰማያዊው ውሃ ተጨመረ። ከታች ቀለሙ እየጠፋ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየ። እማዬ ከእሱ ይበልጥ ጎንበስ ብላ፣ «ሰማያዊው የት ገባ?» አለችኝ።

«ገለባው ያዘው፣ እማዬ።»

ሰውዬው «ኦኬ፣ ሰኞ ጀምሩ» አለ። እማዬ ለይቅርታ ብላ የያዘችለትን በሶም ተቀበላት። ለመጠጥ እንጂ ለማጣሪያ እንዳልሆነ አስረዳሁት።

ስንመለስ ዲርፉት አውራ ጎዳና ላይ እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «እዚህ አገር መጥቼ ገለባ ሆንኩ እያልኩ ስድስት ወር ሙሉ ሳዝን፣ ገለባ ይህን ሁሉ እንደሚሠራ አትነግሪኝም ነበር?» አለችኝ።

እየነዳሁ አለቀስኩ። እንዲህ እንደምታስብ አላውቅም ነበር። ጠይቄያትም አላውቅ።

የተማርኩት እኔ ነኝ አይደል? መዳብ ከውሃ ለይቼ አወጣለሁ፤ አብራኝ እየበላች የምትኖር እናቴ ሆዷ ውስጥ ያለውን ግን አላወቅኩም። እናንተስ ሥራችሁን ለእናታችሁ በአማርኛ ነግራችኋል? ወይስ እንደኔ በሶው ቱቦ እስኪደፍን ትጠብቃላችሁ?

አሁን የእርጎ ዕቃው ላይ በትልቁ ጽፌያለሁ፦ «ገለባ ነው። አይደፋም።»

እማዬ ከሥሩ በራሷ እጅ ጨምራበታለች፦ «ሥራ አለው።»