በየት በኩል ይገባል?

በየትኛውም መሥሪያ ቤት፣ ኮምፒዩተር ቢናገር የማያምን፣ መልአክ ቢመሰክር እንኳ “ቆይ ልለካው” የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ጋሼ ሜትር ናቸው፤ የቧንቧ ገጣጣሚዎች አለቃ። የብረት ሜትራቸው ከቀበቷቸው የሚለየው ሲለኩ ብቻ ነው፤ ሲተኙም ትራስ ሥር ያደርጉታል እየተባሉ ይታማሉ።

አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፤ “በየት በኩል ይገባል?” ቢሮው ፍሪጅ ሲገዛ ይጠይቃሉ። ለመንታ ልጆቹ የሕፃን ጋሪ የገዛ ጓደኛችንን፣ እንኳን ደስ አለህ ከማለታቸው በፊት ጠየቁት። (በማግስቱ ጋሪውን መለሰ።)

እኔ እንግዲህ ከመዝገብ ክፍል ተነሥቼ፣ በአርባ ስምንት ዓመቴ የቧንቧ መሥመር ንድፍ በኮምፒዩተር መሥራት የተማርኩ ሰው ነኝ። ፕሮግራሙ ጉድ ነው! ፓምፑን፣ ታንከሩን፣ ቫልቩን ትሥላለህ፤ ቧንቧውን ትዘረጋለህ፤ ከዚያ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ለብየዳ ቤቱ የሚሄደውን ሥዕል፣ የእያንዳንዱን ቁራጭ ርዝመት፣ የብሎኑን ብዛት ሳይቀር ያወጣልሃል። የመጀመሪያ ሥራዬ የፓምፕ ክፍሉ አዲስ መሥመር ነበር። መሥመሩን ለመግጠም ውኃ የሚቋረጠው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ቀን ካልገጠመ፣ ንድፉ ለሌላ ይሰጣል፣ እኔም ወደ መዝገቤ።

ክቡርነታቸውን ጠርቼ ንድፉን እንደ ሙሽራ እያዞርኩ አሳየኋቸው።

“ያምራል” አሉ። “በየት በኩል ይገባል?”

“ምኑ ጋሼ?”

“ይቺ!” ጣታቸው ትልቋ ቁራጭ ላይ አረፈ።

“ኧረ ጋሼ፣ ፕሮግራሙ አንድም ቦታ አይጋጭም ብሏል!”

“ከተገጠመ በኋላማ አይጋጭም። አንተ ልጅ፣ ቧንቧ እዚያው አይበቅልም እኮ። በሩን ሥለኸዋል?”

በር? እኔ ክፍሉን ያለ ግድግዳ ነው የሣልኩት።

ተያይዘን ወረድን። በሩ ዘጠና ሴንቲ። የእኔ ጉድ ደግሞ ክንዶቿን ወደ ላይም ወደ ጎንም ዘርግታ፣ እንዴትም ብትገለበጥ ከአንድ ሜትር ከሃያ አታንስም። ተመልሼ ለሁለት ከፈልኳት፤ መሃሏ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት መጋጠሚያ (ፍላንጅ) አስገባሁ፤ በሩንም ሣልኩት፣ ከነማጠፊያው። ጋሼ የታተመውን ንድፍ ስምንቱንም ገጽ በእስክሪብቶ እየነኩ አዩና፣ ያለ አንድ አስተያየት ፈረሙ። ያለ አንድ! እንዲህ ያለ ነገር በታሪካቸው ተሰምቶ አያውቅም።

ውኃው በተቋረጠበት ቀን ሁለቱ ግማሾች በበሩ እንደ ክብር እንግዳ ገቡ። የመጨረሻው ብሎን በጣት ገባ፤ ያለ መዶሻ፣ ያለ ስድብ። ጋሼ ሜትራቸውን ሰበሰቡና “ገባ” አሉ። እኔ ግን ሹመት የተነበበልኝ ያህል ነው የቆምኩት።

ከደስታዬ ብዛት ለቤቴ ሰፊ ጠረጴዛ ገዛሁ፤ የባለሙያ ጠረጴዛ። የደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ባለቤቴ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ ጎረቤቶቻችን መውጫ አጥተው ያጉረመርማሉ። ምን ላድርግ? ደወልኩ።

ጋሼ ሳቁ። “የገዛ ደረጃህን አልሣልከውም?”

ወዲያው ደረሱ። ተቀርቅሮ እያዩትም ለኩት። እግሮቹን አስፈቱኝ፤ አንዱን ጫፍ ራሳቸው ተሸከሙ።

ይህን የምጽፈው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገና ብዙ እጽፋለሁ፤ መጽሐፍም አይቀርም። ለጋሼ ስነግራቸው ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ፣ መደርደሪያዬ ላይ ቦታውን ከወዲሁ ለክቼለታለሁ።