ለመታያ የተጠበቀው ሹፌር

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋሽ ዘርጋው ሕልም አዩ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል፤ ይኼኛውን የፈታው ኮሚቴ ነው።

አስቀድሜ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ ዘርጋው የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሰባ አንድ ቁጥርን ዘጠኝ ዓመት ነድተው፣ እሳቸውም እሷም በአንድ ወር ጡረታ ወጡ። እሳቸው ወደ ቤታቸው ገቡ፣ እሷ ወደ አሮጌ መኪና ማቆያው ግቢ። እዚያ አሥራ ሁለት ባለ ፎቆች ሣር በቅሎባቸው ቆመዋል፤ ሁሉም ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ሊሸጡ ነው። ጋሽ ዘርጋው ይህን ሲሰሙ እህል አልበላ አላቸው። "አንዷ እንኳ ትትረፍ፤ ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይሄድ እንደነበር ልጆች ይዩ" ብለው ማመልከቻ ጻፉ። አንዱ ቢሮ ተሽከርካሪ ናት ብሎ ወደ ትራንስፖርት ላካቸው። ሌላው፣ ስለማትንቀሳቀስና ፎቅ ስላላት፣ ወደ ቤቶች ጉዳይ ላካቸው። እንዲህ እየተባለ ስምንት ወር ሞላ። ትናንት በመጨረሻ ኮሚቴ ሊወስን ተቀመጠ። እሳቸውም ከግቢው ጥበቃ ከዋቅጅራ ጋር ምሳ በልተው፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ሆነው ውሳኔውን ሲጠብቁ ሸለብ አደረጋቸው።

በሕልማቸው ሣር ውስጥ ቆመዋል። ግራና ቀኛቸው አሥራ አንድ ጡረተኛ ሹፌሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው ጀርባቸው ላይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ከፊታቸው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዱ መነጽሩን አስተካከለና የጋሽ ዘርጋውን ቅልጥም በፊት ጎማው መታ መታ አደረገ።

"የዚህኛው ጉልበት አልቋል" አለ።

"መለዋወጫ የለውም?" አለ መዝገብ የያዘው።

"የዚህ ዓይነቱ መሠራት ካቆመ ቆየ። እናቱም አባቱም ሞተዋል።"

"እንግዲያው ከነኮቱ ጨረታ ይውጣ።"

ጋሽ ዘርጋው "እኔ እኮ ዛሬም በእግሬ ነው የመጣሁት" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ክላክስ ብቻ ወጣ። አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ ሹፌር በግራ ዓይናቸው ፍሬቻ አበሩላቸው፤ ሩጥ ማለታቸው ነበር። ጉዳዩ የነፍስ ነውና ጋሽ ዘርጋው በአጥሩ ሾልከው ወደ ቢሮ ሮጡ።

መንገዱ ላይ ሚኒባሶች ረጅም ሰልፍ ይዘው ዘንቢል ያንጠለጠሉ አንዲት ሴትዮ ይጠብቃሉ። "እትዬ፣ ሜክሲኮ ይውሰዱን፣ ቦታ አንሻማም" አለ የፊተኛው። ሴትዮዋ ሳይቆሙ "ሞልቻለሁ፣ ከኋላ የምትመጣውን ጠብቁ" ብለው አለፉ። ሚኒባሶቹ አጉረመረሙ። አንዱ በጎን ሊጋፋ ሲል ሌሎቹ ተራህን ያዝ ብለው መለሱት። እዚያው ማዶ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መታወቂያውን ተቀምቶ "ሁለተኛ አይለምደኝም" እያለ እግረኞችን ይለምናል። አንድ ፌርማታ ደግሞ ምሰሶውን ታቅፎ፣ የሚቆምበት ሰው አጥቶ ከወዲያ ወዲህ ይባዝናል። ጋሽ ዘርጋው አዘኑለት፤ ግን ጊዜ አልነበራቸውም።

ቢሮው ሲደርሱ ኃላፊዎቹ ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ባለጉዳዮች ውስጥ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ በመስኮት ያነጋግሯቸዋል። ከረባት ያሰረ አንድ ኃላፊ ማኅተሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ "አባቴ፣ የእርስዎን ጉዳይ ልፈጽም ስመላለስ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው" ይላል። ውስጥ የተቀመጡት ገበሬ ሻያቸውን ፉት አሉና "ዛሬ ስብሰባ ላይ ነኝ። ሰኞ ብቅ በል" አሉት። ጋሽ ዘርጋው ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ደስታው አፋቸውን መለሰላቸው።

"የእኔ ጉዳይ የት ነው የሚታየው?" ብለው ኃላፊውን ጠየቁት።

"ላይ ነው" አለና አጎንብሶ ጀርባውን ሰጣቸው። ጀርባው ላይ ደረጃ ነበረ። ወጡት።

ደረጃው ያለቀው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ አውቶቡሶች ተቀምጠዋል፤ በየፊታቸው በላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ ናፍጣ ተደርድሯል። ከሰብሳቢው ቀጥሎ ሰባ አንድ ቁጥር ተቀምጣለች። የቀኝ መስታወቷ በሽቦ እንደታሰረ ነው፤ ያሰሩት እሳቸው ናቸው።

"አጀንዳ ሁለት" አለ ሰብሳቢው። "ይህ ሰው ይወገድ ወይስ ይጠበቅ?"

"ቢጠበቅ ምን ይሠራልናል?" አለ አንዱ። "ቦታ ይይዛል። ያስላል። ሲያወራ አያቆምም።"

"እኔ የማውቀውን ልናገር" አለች ሰባ አንድ ቁጥር። "ዘጠኝ ዓመት ነድቶኛል። ፎቅ የወጣ ሰው ሳይቀመጥ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ጆሮውን ወደ ጣሪያው ሰጥቶ ኮቴ ያዳምጣል። ኮቴው ጸጥ ሲል ነው ማርሽ የሚያስገባው። ታች ያለው ሰው ምን ይገትረናል እያለ ያዋርደዋል፤ እሱ አይመልስም።"

"ሌሎቹስ እንዲህ አያደርጉም?"

"ሌሎቹ ፎቅ እንዳለን የሚያስታውሱት የመብራት ሽቦ ሲበጥሱ ነው።"

ከወደ ጥግ የተቀመጡት ሁለት አውቶቡሶች አንገታቸውን ደፉ። የጋሽ ዘርጋው ዓይን እንባ አቀረረ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ያስተዋለላቸው አንድም ፍጡር ያለ አይመስላቸውም ነበር፤ ለሚስታቸው እንኳ ነግረዋት አያውቁም።

ድምፅ በፍሬቻ ተሰጠ። በቀኝ ያበሩት በለጡ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን በሁለት ጥቁር ጭስ ጠረገና ቃለ ጉባኤውን አነበበ። "ይህ ሰው ለመታያነት እንዲጠበቅ፣ ዝናብ እንዳይመታው ሸራ እንዲለብስ፣ ትንንሽ ሚኒባሶች ከየትምህርት ቤታቸው እየመጡ እንዲጎበኙት፣ ነገር ግን ማንም እንዳይወጣበት ተወስኗል።"

"በቃ ተረፍክ" አለቻቸው ሰባ አንድ ቁጥር።

"አንቺስ?" አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ልትመልስላቸው በሯን ስትከፍት ዋቅጅራ ትከሻቸውን ነቀነቃቸው።

"ጋሼ፣ ይነሡ እንጂ። ተፈቀደ እኮ።"

እውነትም ተፈቅዷል። አሥራ አንዱ ይቀልጣሉ፣ ሰባ አንድ ቁጥር ትጠበቃለች። ጋሽ ዘርጋው ዋቅጅራን አገላብጠው ሳሙትና ጫማቸውን በቅጡ ሳያጠልቁ ወደ ሣሩ ገሰገሱ። ሰባ አንድ ቁጥር እንደ ወትሮዋ ቆማለች። ሁለት በያጆች ከላይኛው ፎቅ መስኮቶች ሥር ዙሪያዋን በነጭ ቀለም አስምረውባት መቁረጫቸውን ይለኩሳሉ። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ ትሑት ወጣት፣ ወረቀቱን ይዞ ያሠራል።

"ምን ልታደርጓት ነው ልጄ?"

"እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ። ወደ ማሳያው ግቢ ልናስገባት ነው። የግቢው በር ከፍታው ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ እሷ ከአራት ሜትር ትበልጣለች። ስለዚህ ላይኛው ፎቅ ይነሣል። ሰሌዳዋ ግን ተጽፎ አልቋል፣ ይዩት።" ብብቱ ሥር የያዘውን ሰሌዳ አዙሮ አሳያቸው። "ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ" ይላል።

ጋሽ ዘርጋው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ጎማዋን ተደገፉ።

"በሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ አይቻልም?" አሉ።

ጸሐፊው ደነገጠ።

"በሩን? በሩማ ቅርስ ነው ጋሼ፣ አይነካም።"