የይቅደሙ አገር እና የጉንፋኑ ክትባት

የጨዋነቱ ዝና ከድንበሩ አልፎ በተሰማ፣ ስሙን ከጎረቤቶቹ ስም አስቀድሞ ማስጠራት ግን ነውር መስሎት እስከ ዛሬ ሳይጠራ በቀረ አንድ አገር፣ ብርድ በገባ ቁጥር ጉንፋን አብሮ ይገባ ነበር። የአገሩ ሰው በር ላይ ሲገናኝ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባል ይውላል። ሙሽሮቹ ወልደው ክርስትና እስኪያነሱ ድረስ ሰርገኛው ገና ከደጅ ያልገባበት ዘመን እንደነበረ አዛውንቱ በኩራት ያወሳሉ።

ሲስተር የውብዳር የዚህ አገር ብቸኛ ክትባት ሰጪ ነበረች። በዚያ ዓመት ለአርባ ሰው የሚበቃ የጉንፋን ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዛ ስትመጣ፣ ሐሳቧ ሁሉ ያሳደጓት አክስቷ እማማ ደብሪቱ ላይ ነበር። እማማ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ አስምም አለባቸው። የአምናው ጉንፋን ሁለት ወር አልጋ ላይ ጥሏቸው፣ የውብዳር ትንፋሻቸውን ስታዳምጥ ነው የከረመችው። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም ምላለች።

የክትባቱ አዋጅም ግልጽ ነበር። በመጀመሪያ የጤና ባለሙያዋ፣ ቀጥሎ አረጋውያን፣ ከዚያ ነፍሰ ጡሮች፣ ከዚያ ሕፃናት፣ ከዚያም የቆየ ሕመም ያለባቸው እንዲከተቡ፣ በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ስለሚበላሽ ሁሉም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲጠናቀቅ ያዝዛል።

«እንግዲህ መጀመሪያ አንቺ ነሽ» አሏት እማማ ደብሪቱ፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው።

«እርስዎ ሳይከተቡ እኔ? ምን ያለሁ ባለጌ ነኝ!» አለች የውብዳር፣ ሳታስበው። «ይግቡ፣ እማማ።»

«ባላምባራስ ጥሶ በሦስት ወር ይበልጡኛል። ታላቄን አልፌ ልግባ?»

ከጎናቸው የቆሙት ባላምባራስ ጥሶ ከዘራቸውን ተከሉ። «እመቤት ቆመው እኔ መርፌ ልሻማ? አፈር ስሆን ይቅደሙ!»

«እኔ ልሙት አይሆንም!»

«ኧረ ሁለታችሁም አትሙቱ፤ ክትባቱ የመጣው ለዚሁ ነው!» አለች የውብዳር፣ ሣጥኑን እያየች።

ከኋላ ነፍሰ ጡሮቹም «የእሷ ገፋ ብሏል፣ እሷ ትቅደም»፣ «ኧረ ያንቺ ወሩ ገብቷል» እየተባባሉ ይገፋፋሉ። እምቢ ያለ ሁሉ እምቢታው ቅሬታ እንዳያሳድር ጓደኛውን ጉንጭና ጉንጩን ሦስት ጊዜ ይስማል፤ በመሐል ያነጥሳል፤ «ይማርዎ» ይባላል፤ «ያኑርዎ» ብሎ እንደገና ይስማል።

በስድስት ሰዓት የአገሩ ገዥ ዘመቻውን ሊያፋጥኑ መጡ። ገዥው ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ በሽታ ነክቷቸው አያውቅም። አማካሪያቸው ግን «ጌታችን ቆመው ማን ይከተባል?» ብሎ ጠየቀ። ሕጉ ለአረጋውያን ነው፤ ሕግ ደግሞ አይጣስም። ስለዚህ ገዥው እዚያው በልዩ አዋጅ ዘጠና አራት ዓመት እንዲሞላቸው ተደረገ፤ ሕዝቡም እልል አለ። ገዥው በራሳቸው ዕድሜ ልባቸው ተነክቶ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«በዚህ እርጅናዬ ሕዝቤን ልቅደም? እግዜር አያሳየኝ። እናንተ ቅደሙ!»

ማን እንደሚቀድም የሚወስን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቀድሞ የሚናገር አባል ግን አልተገኘም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በረዶው ውኃ ሆነ። የውብዳር አርባውን ክትባት ስታስወግድ እንባዋ መጣ። ገዥው ግን «ማንም ማንንም ሳይቀድም ዘመቻው በሰላም ተጠናቋል» የሚል ሪፖርት አስጻፉ።

በሳምንቱ ጉንፋኑ ገባ። በር ላይ አልቆመም፣ ማንንም ይቅደሙ አላለም። መጀመሪያ የውብዳርን ያዘ፤ ቀጥሎ አረጋውያኑን፣ ከዚያ ነፍሰ ጡሮቹን፣ ሕፃናቱን፣ የቆየ ሕመም ያለባቸውን። ገዥውም በአዋጅ አርጅተዋልና ከአረጋውያኑ ጋር ተኙ። በአገሩ ታሪክ አንድ አዋጅ ቅደም ተከተሉ ሳይዛነፍ ሲፈጸም የመጀመሪያው ስለነበር፣ በትኩሳት ውስጥ ሆነው እንኳ ደስታቸውን ገለጹ። ደግነቱ ማንም አልሞተም፤ ለመሞትም ቢሆን ታላቁን የሚቀድም አልተገኘም።

የውብዳር ከእማማ አልጋ ጎን ተኝታ ያንን የሚያፏጭ ትንፋሽ ስትሰማ በራሷ ተናደደች። ያን ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ቢሆን ኖሮ፣ ሌላው ይከተል ነበር። ለከርሞ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ ብላ ቆረጠች።

ከርሞም ደረሰ። ኮሚቴው ጥፋቱ የበሩ ጥበት መሆኑን ስለደረሰበት፣ አርባ ሰው ጎን ለጎን የሚያስገባ በር ተሠርቶ ነበር። የውብዳር አዲሱን ሣጥን አስቀምጣ፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ፣ መርፌውን አነሳች። አገሩ በሙሉ አያት።

እማማ ደብሪቱ ወደ ባላምባራስ ጥሶ ጠጋ ብለው፣ «እኔ ያሳደግኋት ናት» አሉ በኩራት። «ታላቅ ቀድማ አታውቅም።»

የውብዳር እጅጌዋን ቀስ አድርጋ መለሰች።

«ኧረ... ይቅደሙ፣ እማማ» አለች።

እማማ ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ አነጠሱ። «ይማርዎ!» አለ አገሩ ሁሉ፣ ማንም ማንንም እንዳይቀድም በአንድ ድምፅ።