ቴፒን ላሳንስ ወጥቼ እኔው አንሼ ገባሁ

የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሻችሁ «አጋነነው» ትላላችሁ። ለሌላው ግማሽ መንገር አያስፈልገኝም፤ የሚዛን ከተማ ሰዎች ስለሆናችሁ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁኛል።

ላልነበራችሁት ልናገር። ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግራችሁ እኔው ራሴ አጣምሜ ብነግራችሁ ይሻላል።

ለማታውቁኝ፦ ሚዛን መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ቤት አለኝ። ጎማ እነፋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ባለጎማውን ደግሞ እሰድባለሁ። ስድቡ በነጻ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝ ልጄ ብርቱካን ናት፣ በሁለተኛ ክፍል መጽሐፏ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ድመት ነበረችን፤ እሷም ጥላን ጎረቤት ገባች።

አሁን ብርቱካን ልታገባ ነው።

ልጁ ዳዊት ይባላል፣ የቴፒ ልጅ ነው። ክፋት የለበትም። ጸጉሩን አበጥሮ እስኪጨርስ ግን እኔ የአይሱዙ አራት ጎማ ቀይሬ ምሳ እበላለሁ።

ሁለቱ ተጋብተው ካፌ ሊከፍቱ አስበዋል። ጁስ፣ ማኪያቶ፣ ኬክ። የት ይሁን የሚለው ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ዳዊት «ካፌ የሚያዋጣው ናይት ላይፍ ያለበት ከተማ ነው» ብሎ ተናገረ።

ናይት ላይፍ። በእኛ አገር። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር ካያችሁ ወይ ጅብ ነው ወይ ሰካራም።

ለእኔ ግን ነገሩ ቀላል ነበር። ካፌው ሚዛን ከሆነ ልጄ አጠገቤ ትሆናለች። ቴፒ ከሆነ ትሄዳለች። ስለ ማኪያቶው ግድ የለኝም።

የዳዊት አባት ጋሽ ገብሬ ይባላሉ፣ ጡረታ የወጡ የትራክተር መካኒክ። ሽማግሌ ይዘው ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ቀን «ቴፒ ማታ ማታ ሕያው ናት» አሉ። እኔ «ሕያውስ ሚዛን ናት» አልኩ። እሳቸው የቴፒን ቢራ ቤቶች ጠሩ። እኔ የሚዛንን ጠራሁ፤ ሲያልቅብኝ የተዘጉትንም ጨመርኩ። ስለ ሠርግ ሊነጋገር የመጣ ሽማግሌ የሁለት ከተማ አምፖል ስናስቆጥረው አመሸ።

በመጨረሻ አንዱ ሽማግሌ ሰለቸው።

«ሁለታችሁ አንድ ማታ ቴፒን፣ አንድ ማታ ሚዛንን ዙሩ። አይታችሁ ተስማሙ። እኛ ወደ ቤታችን እንሂድ።»

ፍርድ ነው። ተቀበልን።

መጀመሪያ ቴፒ።

ሸኮን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጃኬቱን ያወልቃል። ቴፒ ስትደርሱ ሸሚዛችሁንም ማውለቅ ትመኛላችሁ። ጋሽ ገብሬ መናኸሪያ ጠብቀው ተቀበሉኝና እየመሩ መሀል ከተማ አስገቡኝ።

ሰዉ መንገድ ዳር ሞልቷል፤ አልክድም። በርጩማ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር።

«ይኸው፣ አዩ የብርቱካን አባት?» አሉኝ።

«አየሁ። ቤቱ ሲያቃጥለው ነው ሰዉ የወጣው።»

«ቢራውስ?»

«ቢራውማ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግንባራቸው ላይ ሊያስጠጉት ነው የያዙት።»

ሦስት ሙዚቃ ቤት ፊት ለፊት ተፋጥጠዋል። ሦስቱም ስፒከራቸውን ወደ መንገድ አዙረዋል። መሀል የቆመ ሰው ሦስት ዘፈን በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ አንዱንም አይሰማም። አንድ ወጣት እጁን እያወናጨፈ ሲጨፍር አየሁና ቆሜ ተመለከትኩት። ለካ የወባ ትንኝ እያባረረ ነው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ከተማው በሙሉ «ኡኡ» አለ። መብራቱ መጣ። ከተማው በሙሉ አጨበጨበ። ናይት ላይፍ የሚሉት ይህን ነው።

«ታዲያስ?» አሉኝ ጋሽ ገብሬ።

«መብራት ኃይል ጥሩ ያጫውታችኋል» አልኳቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ? ጥሩ ነበር። አንዲት ሴትዮ በረንዳ ላይ ዓሣ ስትጠብስ፣ ሰዉ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተጠራራ ሲስቅ፣ በሐሳቤ ልጄን እዚያ አየኋት። ትሪ ይዛ ስትመላለስ። ለጋሽ ገብሬ ግን ይህን ከምናገር ምላሴን ብቆርጠው ይሻለኝ ነበር።

እዚያው አደርኩ። መብራቱ ሲመጣ ሲሄድ ስላመሸ ስልኬ ቻርጅ ሳያደርግ አደረ፣ ጠዋት ላይ ሞተ።

በማግስቱ ከጋሽ ገብሬ ጋር ወደ ሚዛን ተሳፈርን። ሸኮ አጠገብ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ባዶ ነው። ሾፌሩን የተናገርኩት ነገር እዚህ አይጻፍም፣ ፌስቡክ ይዘጋብኛል። እስክለጥፍለት ድረስ ቀኑ አለቀ፤ ሚዛን የገባነው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ጨለማ።

ሱቁ ዝግ ነው። ጁስ ቤቱ ዝግ ነው። ሥጋ ቤቱም፣ ፑል ቤቱ እንኳን ዝግ ነው፤ ፑል ቤቱ እኮ በበዓልም አይዘጋም። ካፊያ ይጥላል። ዋናው መንገድ ላይ ያለነው እኔ፣ ጋሽ ገብሬና አንድ ውሻ ነን።

ጋሽ ገብሬ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሰዓታቸውን ብቻ አዩ። ያ አቃጠለኝ።

«ገና ነው?» አሉኝ ቆይተው።

«ሚዛን ዘግየት ብላ ነው የምትነሳው።»

«ውሻውስ?»

«እሱ ቀደም ብሎ ነው የሚመጣው።»

ያን ጊዜ ከቀበሌው ጀርባ ካለው ሜዳ የጄኔሬተር ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል መብራት በመብራት ነው። ትልቅ ድንኳን፣ በገመድ የተንጠለጠለ አምፖል፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሰው በሰው ላይ።

ነፍሴ ተመለሰች።

«ያውልዎት! ባዛር ነው። ከተማው በሙሉ እዚያ ነው ያለው።»

«ዘፈን ግን አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ዲጄው እረፍት ላይ ይሆናል።»

ጠጋ አልን።

«ነጠላ የለበሰ ሰው በዛ።»

«ባህላዊ ምሽት ነዋ።»

ጋሽ ገብሬ ቆሙ። «የብርቱካን አባት፣ እኔ ይሄ ነገር…»

ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ልብ በሉ፣ ሰውዬው ሊያድኑኝ ፈልገው ነበር። እኔ ግን ልጄን ላስቀር ነው የምሮጠው፤ ዓይኔ አምፖሉን እንጂ ሌላ አያይም። ድንኳኑን ገልጬ ገባሁና፣ ጎማ ቤት በለመድኩት ድምፅ፣

«እህሳ ሚዛኖች! ዲጄው የት አለ?» አልኩ።

ካርታ ሊጥል እጁን ያነሳ ሰው እንዳነሳ ቀረ። ሁሉም አየኝ። እድርተኛው በሙሉ፣ የኔው እድር። ፀጉር አስተካካዩ ሸምሱ ካርታውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ያቺን የማውቃትን ድምፁን አወጣ፦

«ዲጄውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀበርነው። አንተ አልነበርክም።»

የሞቱት ጋሽ መኮንን ናቸው። ከጎሚስታዬ ፊት ለፊት ያሉት ልብስ ሰፊ። ይህን ሁሉ ዓመት በየቀኑ የተሰዳደብን፣ የሱሪዬን ጉልበት በነጻ የሚጥፉልኝ ሰውዬ። ግቢያቸው ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተከለ። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ እኔ ቴፒ ትንኝ እቆጥራለሁ። ሲደወልልኝም ስልኬ ሞቷል። ከተማው የተዘጋው ሰው ሁሉ ቀብር ውሎ ድንኳን ስለገባ ነው።

መሬት አፏን ብትከፍት አልገባም ነበር፤ እዚያም ጋሽ መኮንን አሉ።

ሚስታቸው እትዬ አልማዝ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ያልተቆጡኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ተውት» አሉ። «መኮንንም የሱን አፍ ሲሰማ ነበር የሚስቀው።»

ብትሰድቡኝ እችላለሁ፣ ሙያዬ ነው። ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። የካፊያ ውሃ ነው አልኩ፤ ያመነኝ የለም።

የእድራችን ዳኛ ተነሱ።

«ለቀብር አልመጣህ፣ ለድንኳን ተከላ አልመጣህ፣ መቃብር አልቆፈርክ። ዛሬ ሻይ ማዞርና ብርጭቆ ማጠብ ያንተ ነው። ሂድ፣ ጀምር።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ገብሬ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቆባቸውን አውልቀው፣ እትዬ አልማዝ ፊት ዝቅ ብለው «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። ሄደው ከነሸምሱ ጋር ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ እጃቸው ላይ ካርታ አየሁ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ሸምሱ «የኛ ጋሼ» ይላቸው ጀመር። ሃያ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ እኔን «ያ ጎማ» ነው የሚለኝ።

እኔ? ትሪ ይዤ እመላለሳለሁ። ንፍሮ አቀርባለሁ። ከየጥጉ «ዲጄ፣ ሻይ!» ይሉኛል። ከተማዬን ላሳያቸው ያመጣኋቸው እንግዳም ብርጭቋቸውን ቀና አድርገው፣

«የብርቱካን አባት፣ ስኳር ትንሽ አንሶታል» አሉኝ።

ጨመርኩላቸው። ምን ላድርግ?

ሲበቃን ወደ ቤት አብረን አዘገምን።

«እኔ ስሞት ቴፒ ላይ እንዲህ የሚያመሽልኝ ሰው ይኖር ይሆን?» አሉ ጋሽ ገብሬ። «እንጃ። የማውቃቸው ሁሉ የመጡት ለሥራ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ሄዱ።»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩበት አንዱ ቀን ነው።

«በቃ ልጆቹ እዚህ ይሁኑ። ለዳዊት እኔ እነግረዋለሁ።»

ገባችሁ? አሸነፍኩ! ቴፒ ተሸነፈች፣ ሚዛን አሸነፈች። ሰው ሞቶልኝ አሸነፍኩ። ጋሽ መኮንን ይቅር ይበሉኝ፤ አልጋ ውስጥ ገብቼ ፈገግ ብያለሁ።

ፈገግታው እስከ ዛሬ ጠዋት ነው የቆየው።

ቁርስ ላይ ለብርቱካን ነገርኳት። ድንኳኑን ዘለልኩና ካሸነፍኩበት ጀመርኩ። ዳቦዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ለካፌው ቴፒ ቤት ይዘናል።»

«መቼ?»

«ሽማግሌ ሳይመጣ በፊት።»

«ታዲያ እኔና ጋሽ ገብሬ ሁለት ማታ ምን ስንሠራ ነው የዞርነው?»

«ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። አንተ ደግሞ ደስ ብሎህ ነበር። ቴፒን ልትሰድብ ስትሄድ ሸሚዝ ተኮስክ እኮ።»

ተኩሼ ነበር። እውነት ነው።

«እሺ ቴፒ ከሚዛን በምን ትበልጣለች? አንድ ነገር ንገሪኝ።»

«በምንም አትበልጥም።»

«ታዲያ?»

ሰሐኑን አነሳች፣ አስቀመጠች። እንደገና አነሳች።

«አንተ ያለኸው ሚዛን ነዋ።»

አልገባኝም አልኩ። ገብቶኝ ነበር።

«ካፌው እዚህ ከሆነ በሩ ላይ ትቀመጣለህ። ሰው ሲገባ ጫማውን ትሰድባለህ። ኬክ ሲያዝ ሆዱን ትሰድባለህ። በሦስተኛው ወር የምንቀረው እኔና አንተ ነን።»

«እስቲ የሰደብኩትን አንድ ሰው ጥሪ!» አልኳት።

ጠራች። ጠራች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ጠራች። አንዳንዶቹን እኔ ረስቻቸዋለሁ፤ እሷ ይቅርታ ስትጠይቅልኝ ስለኖረች አልረሳቻቸውም። ይህን አላውቅም ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየበሩ ቆማ «አባቴ አስቦበት አይደለም» ስትል እንዳደገች ዛሬ ነው የሰማሁት።

ጨካኝ ግን አይደለችም። ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች።

«እሁድ እሁድ ትመጣለህ። ጥግ ላይ ወንበር አለህ፣ ማንም አይቀመጥበትም። ግን አባባ… ዝም ብለህ።»

ስለዚህ ዛሬ ልምምድ ጀመርኩ። ጎሚስታው ውስጥ፣ አፍ ዘግቶ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የባጃጅ ሾፌር ነው። እንደ እንቁላል የተላጨ ጎማ ይዞ መጣ።

ዝም አልኩ።

«ትንሽ ብትለጥፍልኝ ይሄዳል አይደል?» አለኝ።

ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ።

«ገና አዲስ ነው እኮ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መናኸሪያ የነበራችሁ ሰምታችኋል።

ሠርጉ ጥር ላይ ነው። ጥቂት ሳምንት ቀርቶኛል። ከእናንተ መካከል ለልጁ ሲል ዝም ማለት የተማረ አባት ካለ፣ የቴፒ ሰውም ቢሆን፣ እንዴት እንደቻለው ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ።

አልሰድባችሁም። እሞክራለሁ።