ከሰላምታ በፊት ሕመም የሚጠይቅ ስክሪን

ጉንጩ አብጦ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ ዐማራት በተባለ ሰፈር በሚገኝ ክሊኒክ ገጥሞኛል። ሥራዬ ሰዎች የሠራሁትን የቀጠሮ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሞክሩ ከኋላ ሆኖ በዝምታ መታዘብ ነው። የወሎዋ ዘይነባ ጉንጯን በእጇ ደግፋ ተቀመጠች። ስክሪኑ «ሕመምሽ ከዐሥር ስንት ነው?» አላት። ዜሮን ነካች። «ሐኪም አያስፈልግሽም» ብሎ አሰናበታት።

ዝምታው አቃተኝ።

«እህቴ ዘይነባ፣ አላመመሽም እንዴ?»

«ወላሂ ጥርሴ እንቅልፍ ነስቶኛል። ግን ሰላም ሳይል ሕመም ይጠይቃል? መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይባላል። እሱን የምነካበት ባጣ ዜሮን ነካሁለት።»

እዚያው ተቀምጬ ከጥያቄው በፊት «እንዴት ነሽ?» የሚል ገጽ፣ ከሥሩም «አልሐምዱሊላህ» የሚል ቁልፍ ጨመርኩ። እሱን ነካች፤ ቀጥላ ዐሥርን። «ሐኪሙ ይጠብቅሻል» አላት።

«አየህ» አለችኝ እየሳቀች፣ «ሥርዓት ሲያስተምሩት ይገባዋል።»