የሐዘን ብቃት ማረጋገጫ

በዓለም ላይ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አሉ። አንዳንዱ መንገድ ይሠራል፣ አንዳንዱ ውሃ ያከፋፍላል፣ አንዳንዱም ሌሎቹ ለምን እንዳልሠሩ ያጠናል። የሐዘንን የጥራት ደረጃ ከፍ ለማድረግ ቆርጦ የተነሳው ግን እስከምናውቀው ድረስ አንድ ብቻ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የተሰጠው ዋና ሥራ ምን እንደነበር ለጊዜው ተረስቷል። ቢሆንም ሠራተኞቹ በሰዓቱ ይገቡ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በአክስቶች ነው። ቀደም ባለው ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የአክስቶች እልቂት ደርሶ ነበር። ሰኞ በመጣ ቁጥር የአንዱ አክስት ታርፋለች፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ የሌላው አያት ይከተላሉ። የሰው ሁሉ ልብ ተሰብሮ ፈቃድ ይወጣል። አንዲት ጸሐፊ አልቅሳ የቀበረቻቸው አያቷ በማግሥቱ የረሳችውን ምሳ ዕቃ ይዘውላት በር ላይ ሲገኙ አስተዳደሩ ነቃና የሞት ማስረጃ ይቅረብ አለ። ማስረጃው ጎረፈ፤ እንዲያውም ከሟቹ ቀድሞ የደረሰ ነበር።

በዚህ አስጨናቂ ወቅት ነው የአስተዳደር ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስበው ያንን ታሪካዊ ንግግር ያደረጉት። «ወረቀት ሊዋሽ ይችላል። እንባ ግን ከየት አባቱ ተምሮ ይዋሻል?» አሉ። ጭብጨባው ሲበርድ የሐዘን ብቃት ማረጋገጫ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እሳቸው ሰብሳቢ ሆኑ፣ የሒሳብ ሹሟና የሕግ አማካሪው በአባልነት ተመረጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሐዘን ፈቃድ የፈለገ ሠራተኛ አዳራሹ መድረክ ላይ ብቻውን ወጥቶ ሐዘኑን በንግግር፣ በእንቅስቃሴና በእንባ ያቀርባል። ኮሚቴው ካለቀሰ ፈቃድ ይሰጣል። ኮሚቴው ካላለቀሰ ግን ሟቹ እንዳልሞተ ይቆጠራል።

ውጤቱ እሰየው የሚያሰኝ ሆነ። ጓደኛሞች በየኮሪደሩ እየተጠራሩ ልብስ መቅደድ ይለማመዱ ጀመር። ደረጃው ስር ድምፅ ስለሚያስተጋባ እዚያ እዬዬ ለማለት ወረፋ ይያዝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ከሕዝብ ግንኙነት ክፍል አንድ ኮከብ ወጣ። ያዳመጠው ሁሉ «አንጀቴን በላው» ስለሚል አንጀቴ የሚል ስም ወጥቶለታል። አክስቶቹን ጨርሶ ወደ አጎቶቹ ከተሻገረ ቆይቷል፤ ያላለቀሰለት ዘመድ ቢኖር ገና ያልተወለደው ነው። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ሲያለቅስ ከልቡ ነው፤ ጉድለቱ ሟች አለመኖሩ ብቻ ነበር።

የዕቃ ቤት ሠራተኛው ለዚህ ሁሉ እድገት እንቅፋት የሆነ ሰው ነው። ወገቡ ላይ በሚንጠለጠለው የቁልፍ ዘለላ የተነሳ ቁልፌ ይሉታል። መጥረጊያ፣ አምፖልና ወረቀት ያድላል፤ ቢስቅም ቢያዝንም ፊቱ ያው ነው። ሲያዝን ደግሞ ይባስ ብሎ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ዓይኑ ይደርቃል፣ እጁ የሚገባበት ያጣል። ይህን የመሰለ ሰው እንዲህ ባለ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ዘመድ እንዳይሞትበት ከመጸለይ ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ጸሎቱ አልሰመረም። አንድ ጠዋት የአክስቱ ልጅ ደወለች። «ወንድምዬ፣ እናታችን ሌሊት አረፈች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እንዳትቀር» አለችው። እናታችን ያለችው እሷን የወለደች፣ እሱን ደግሞ ወላጆቹን ካጣበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደገች ሴት ናት። ቁልፌ ስልኩን አስቀምጦ ቆመ። አፈር ሲመለስባት ከጎኗ መሆን ነበር የፈለገው፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። ከዚያ ቁልፎቹን አስተካክሎ ወደ አዳራሹ ሄደ።

ኮሚቴው ጠረጴዛው ላይ ውሃና መሐረብ ደርድሮ ተቀመጠ።

«ሟች ምንህ ናት?» አሉ ሰብሳቢው።

«አክስቴ።»

ሦስቱም ተያዩ። አክስት የሚለው ቃል እዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

«እሺ፣ ቀጥል።»

«ሞተች።»

ኮሚቴው ጠበቀ። ቁልፌም ጠበቀ።

«ከዚያስ?» አሉ የሒሳብ ሹሟ።

«ከዚያማ… ሞተች። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

የሕግ አማካሪው መነጽሩን አወለቀ። «ይኼ እኮ መረጃ ነው፣ ወንድሜ። ሐዘኑ የታለ?»

«ውስጤ ነው።»

«ውስጥህን ኮሚቴው በምን ያያል?»

«እጅህን ደግሞ ምን ልትሠራበት ኪስህ ከተትከው?» አሉ የሒሳብ ሹሟ። «እጅ ማለት እኮ ግማሽ ሐዘን ነው!»

«እባካችሁ፣ እውነቴን ነው» አለ ቁልፌ።

«እውነት መሆኑማ ነው ያስቸገረን» አሉ ሰብሳቢው በትዕግሥት። «ባለፈው አንጀቴ አጎቱን ሲያቀርብ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰውዬ ሳይቀር መፍቻውን ጥሎ ነው ያለቀሰው። አንተ የገዛ አክስትህን እንዲህ ካቃለልካት እኛ ምን እናድርግ? እስቲ አልቅስ።»

ቁልፌ ሞከረ። ፊቱን ጨመደደ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ቀና ብሎ ወደ ጣሪያው አየ።

«ይማርህ» አሉ ሰብሳቢው።

ውሳኔው ወዲያው በንባብ ተሰማ፦ አመልካቹ ሐዘኑን አዳብሮ ከምሳ በኋላ በድጋሚ እንዲቀርብ።

አንጀቴ ይህን ሲሰማ አላስቻለውም። ዕቃ ቤት ድረስ ሄዶ አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠና «ስማኝ ቁልፌ፣ እኔ እያለሁልህ አንተ አትወድቅም» አለው። «ዝም ብለህ ስለ ሴትየዋ ንገረኝ።»

ቁልፌ ጀርባውን ሰጥቶ አምፖሎች እየደረደረ ነገረው። ሰው ካላየው መናገር አያቅተውም። «ልጅ ሳለሁ ነጎድጓድ እፈራ ነበር» አለ። «እሷ ታዲያ በሌሊት ልብሷ ደጅ ትወጣና ወደ ላይ እየጮኸች ትቆጣዋለች። ‹አንተ ባለጌ! ልጄ ተኝቷል፣ ሌላ ሰፈር ሄደህ አጓራ!› ትለዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅባት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ያለችንን አንድ ጃንጥላ ለኔ ትይዝና እሷ ትበሰብሳለች። ምነው ስላት ‹ለጠጉሬ ጥሩ ነው› ትለኛለች። ጎረምሳ እስክሆን ድረስ ዝናብ ለጠጉር ጥሩ ነው ብዬ አምን ነበር።»

ከኋላው ሳግ ሰማ። ዞር ሲል አንጀቴ በአዲስ የወለል መወልወያ ዓይኑን ይጠርጋል።

«አንጀቴን በላኸው» አለ አንጀቴ። «ይኼን የመሰለ ነገር ይዘህ ነው ‹ሞተች› ብለህ የወረድከው? ወንጀል ነው እኮ!»

ከምሳ በኋላ ወሬው ስለተዳረሰ አዳራሹ ሞልቶ ጠበቀው። ቁልፌ መድረኩ ላይ ወጣ። «አክስቴ…» አለ፤ ጉሮሮው ተዘጋ። ደጅ ቆማ ሰማዩን ስትቆጣ ፊቱ ላይ ድቅን አለችበት። ወገቡ ላይ ያሉትን ቁልፎች ይነካካ ጀመር።

«ረሳው መሰለኝ» አለች አንዷ ጸሐፊ።

«ነጎድጓዱን በል!» አለ አንጀቴ ከፊት ወንበር በሹክሹክታ። «ነጎድጓዱን!»

የሕግ አማካሪው ሰዓቱን አየ። በዚህ ጊዜ አንጀቴ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ መድረኩ ላይ ወጣ። «ይቅርታ፣ እንዴት እንደሚባል ላሳየው ብዬ ነው» አለና ጉልበቱን መሬት ላይ ጣለ። ሁለት እጁን ወደ ጣሪያው ዘረጋ።

«ነጎድጓድ ሆይ! እንግዲህ እንዳሻህ አጓራ! የምትቆጣህ ሴት ዛሬ ዝም ብላለች! አክስቴ፣ ጠጉርሽን ማን ያርጥብልሽ? ጃንጥላሽስ ምነው እኔን ብቻ አዳነኝ?»

አዳራሹ ተናጋ። የሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ። የሕግ አማካሪው በመሐረብ ምትክ መመሪያውን አነሳ። ሰብሳቢው ማንም አይቷቸው በማያውቅ ሁኔታ ንፍጣቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ቁልፌ እዚያው ቆሞ የገዛ አክስቱን ከሰው አፍ ሰማት። ሆድ ባሰው፤ ደግሞ ደስም አለው። በቃ፣ ተሳካ፣ ፈቃዱን አገኘሁ ብሎ አሰበ።

ሰብሳቢው ድምፃቸውን አስተካክለው ተነሱ። «ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ወስኗል። የሐዘን ፈቃድ ለአንጀቴ ተሰጥቷል።»

ጭብጨባ ሆነ።

«ለኔ ማለትዎ ነው?» አለ ቁልፌ።

«ለሱ።»

«አክስቴ እኮ ናት!»

«ዝምድናህን ማንም አልካደም» አለ የሕግ አማካሪው ዓይኑን እያሸ። «ነገር ግን መመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው ለሐዘን ነው፤ ለዝምድና አይልም። ሐዘኑን ያቀረበው ማነው?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት!»

«ሰምተናል። እሱ ግን አዘነ።»

አንጀቴ በእውነት ደነገጠ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለሱ ብዬ…» ማለት ጀመረ። ሰብሳቢው ትከሻውን አቀፉትና «አይዞህ ልጄ፣ አሁን ምንም አትናገር። ጉዳቱ ገና ትኩስ ነው» አሉት። አንጀቴ ይህን ሲሰማ ሆዱ ባባና እንደገና አለቀሰ፤ ሰው ሲያጽናናው ራሱን መግታት አይችልም። ወዲያው ሠራተኛው በሙሉ እንዲህ ያለውን ሐዘንተኛ ብቻውን አንልክም ብሎ ተነሳ። የመሥሪያ ቤቱ አውቶብስ ታዘዘ፤ ለተሳፋሪዎቹም የጋራ ፈቃድ ተጻፈ። ቤቱን ክፍት ትቶ መሄድ ስለማይቻል አንድ ሰው መቅረት ነበረበት። ኮሚቴው እዚያው ቆሞ መከረና ከሁሉ ያነሰ ያዘነው እንዲቀር ወሰነ።

አውቶብሱ እዬዬ እያለ ወጣ። ቁልፌ ከኋላው ሮጦ በሩ ላይ ሲደርስ ሽማግሌው ጥበቃ መዝጊያውን ቀርቅረው አገኛቸው።

«ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ። ኮሚቴው ከፈለገ ሥራውን ይንጠቀኝ!»

«ፈቃድ ይዘሃል?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው እንዴት ብዬ? ፈቃድ የሌለውን ካሳለፍኩ የምባረረው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?»

«ጋሼ፣ የሞተችው እኮ የኔ አክስት ናት!»

ጥበቃው በሐዘኔታ ፈገግ አሉ። «ሁሉም እንደዛ እያለ ነው የወጣው። ሰብሳቢው ራሳቸው ‹አክስታችን› እያሉ አይደል የተሳፈሩት?»

ቁልፌ የሽማግሌውን እጅ አየ፤ መቀርቀሪያውን የያዘው እጅ ይንቀጠቀጣል። ገፍቶ ማለፍ ይችል ነበር። ግን አልጨከነም። የጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ።

«የት ነህ?» አለች የአክስቱ ልጅ። ከኋላዋ ዋይታ ይሰማል። «ሳጥኑ ሊወርድ ነው እኮ! አንድ ሰውዬ በአውቶብስ ሙሉ ሰው አስከትሎ መጥቶ ‹ነጎድጓድ ሆይ› እያለ ሳጥኑ ላይ ወድቋል። አላስወርድም ብሎ ከቀባሪዎቹ ጋር ይታገላል። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ከጎኑ ቆመው ‹ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ ከኋላ አይሰማም› ይሉታል። ማናቸው?»

«መሥሪያ ቤቴ ናቸው።»

«የወደቀው ሰውዬ እኔን እኮ ‹አይዞሽ፣ ጎረቤት ነሽ?› አለኝ! ከሩቅ የመጡት ዘመዶች በልጅነትህ ስለሆነ የሚያውቁህ፣ ያሳደገችው ልጅ እሱ መስሏቸዋል። ‹እንዴት አድጓል፣ እንዴት ያለ አንጀት አለው› እያሉ አቅፈው ይስሙታል።»

«እሱ አይደለም አትያቸውም?»

«ብዬ ነበር። ‹አንቺ ዝም በይ፣ ያልቅስና ይውጣለት› አሉኝ። ወንድምዬ፣ አሁን አወረዷት። አፈሩን እየመለሱ ነው። አንተ ግን የት ነህ?»

የቁልፌ ጉሮሮ ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ድምፅ ወጣው፤ የራሱ አልመሰለውም። ከዚያ ስልኩ ከእጁ ወደቀና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቅልጥ አድርጎ አለቀሰ። ደረቱን መታ። «እናቴ» እያለ ጮኸ። የሒሳብ ሹሟ ግማሽ ሐዘን ያሉት እጅ የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ። ድምፁ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ያለውን ሰው አስቆመ፤ አዳራሹ ግን ባዶ ነበር።

ጥበቃው ደንግጠው ውሃ አመጡለት። አጠገቡ ተቀምጠው ጀርባውን ደባበሱት፤ እሳቸውም እንባቸው መጣ።

«በቃ፣ በቃ ልጄ» አሉት። «ለሰው አክስት እንዲህ ከሆንክ፣ የራስህ የሞተች ዕለት ምን ልትሆን ነው? አይዞህ፣ ያን ቀን ፈቃድ የሚከለክልህ የለም።»